ፓምፑ በሽንኩርቱ መካከል ቢቆምስ?

አንድ የሮቢት ኅብረት ሥራ ማኅበር ለመስኖ ብድር ሲጠይቅ በዕቅዱ ላይ ድርቅ፣ ተባይ፣ የገበያ መውደቅ ብሎ ሥጋቶቹን ይዘረዝራል። ዝርዝሩ ፋይል ውስጥ ይገባል፤ ማንም አይለማመደውም። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ፕሮግራም ግን አባላቱን በምናብ አንድ የምርት ዘመን ሊያሳልፋቸው ይችላል። ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር ሲጀምር ፓምፑ ይቆማል፤ መለዋወጫ የለም፤ የብድሩ ቀን ደርሷል። አባላቱ ተከራክረው ይወስናሉ፤ ፕሮግራሙም ውሳኔያቸው የሚያስከትለውን ይተርካል።

ሆኖም መሣሪያው የራያን ሜዳ አይቶት አያውቅም። እዚህ ማሽላውን የሚያጠጣውም የሚጠርገውም ከተራራ የሚወርደው ጎርፍ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. አንበጣው ቆቦ ላይ የወረደው ማሽላው ሊታጨድ ሲል ነበር። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው የጎርፉን ወር፣ አቀንጭራ የያዘውን ማሳ፣ የነዳጁን ዋጋ ከገበሬው ጠይቆ ያስገባ። ሳይነገረው የቀረውን መሣሪያው በድፍረት ከራሱ ይሞላዋል፤ የሞላውም እውነት ይመስላል። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው።

ታሪኩ በስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብ። «ይህ እዚህ አይሆንም» የሚል አባል ከተነሣ ንባቡ ቆሞ ይታረም። የመጀመሪያው ልምምድ ለመለዋወጫ ስንት ብር ይቀመጥ በሚለው ላይ ቢሆን እመርጣለሁ፤ እሱም ብድሩ ከመፈረሙ በፊት።