በሬው ወይስ መዝሙሩ?



እዚህ ጂንካ አንዲት እኅት ወደ ቤቴ መጥታ ቡናው ሳይፈላ ማልቀስ ጀመረች። «እትዬ፣ ባለቤቴ በሬያችንን ሸጦ መዝሙር ሊያወጣ ነው» አለችኝ። ባሏን አውቀዋለሁ። ታፔላ ይጽፋል፣ ሠርግ በቪዲዮ ይቀርጻል፣ ለወጣቶቻችን ድራማ ያዘጋጃል። ሙዚቃ ግን አልተማረም፤ ጊታርም የለመደው በራሱ ነው። አሁን አርባን አልፎ የመጀመሪያ መዝሙሩን ለብቻው ሊያስቀርጽ አርባ ምንጭ ለመሄድ ተነሥቷል።

«ጊዜው አልፎበታል» ልላት አልቻልኩም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ማየት የተሳናት አሜሪካዊቷ ፋኒ ክሮዝቢ የግጥም መጽሐፍ ያሳተመችው እ.ኤ.አ. በ1844 ነበር። በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አስተማረች፤ ለዓለማዊ ዜማዎችም ግጥም ጻፈች። ለዊልያም ብራድበሪ መዝሙር መጻፍ የጀመረችው ግን በ1864፣ በ43 ዓመቷ ነው። ከዚያ በኋላ ከ8,000 በላይ መዝሙሮችን ጻፈች። በእኛም አገር በ2015 ዓ.ም. ያረፈችው ሂሩት በቀለ፣ በፖሊስ ኦርኬስትራ ለብዙ ዓመታት ከዘፈነች በኋላ ለጌታ ለመዘመር እንደ አዲስ ጀምራለች። ጸጋ ዕድሜ አይቆጥርም፤ ዲፕሎማም አይጠይቅም።

ነገር ግን የእኅታችን እንባም እውነት ነበረው። በሬው የልጆቿ እንጀራ ነው። ስለዚህ እኔና ባለቤቴ ሁለቱን አብረን አስቀመጥናቸው። ወንድማችንን፣ «መዝሙሩን ለሚስትህ ዘምረህላታል?» ብዬ ጠየቅሁት። አቀረቀረ። ስለ በሬው እንጂ ስለ መዝሙሩ አልነገራትም ነበር!

ጊታሩን አንሥቶ ዘመረላት። እርሷም ዝም ብላ ካዳመጠች በኋላ፣ «ሁለተኛው አዝማች ላይ ያለው ቃል ይከብዳል፤ እናቶች አይይዙትም» አለችው። እርሱም ወዲያው ለወጠው። ያን ቀን በሬው ከገበያ ተረፈ። ከሠርግ ቀረጻ ከሚያገኘው በየጊዜው ሊያስቀምጡ፣ መዝሙሩንም አስቀድመው ለሽማግሌዎች ሊያሰሙ ተስማሙ። ምክር በሌለበት አሳብ እንደሚፈርስ መጽሐፍ ይነግረናልና (ምሳሌ 15፥22)።

ባሎች ሆይ፣ ወጪውን ከመንገራችሁ በፊት ራእዩን አካፍሏት። ሚስቶችም፣ «አይሆንም» ከማለታችን በፊት እስኪ አንድ ጊዜ እናዳምጥ። ጸጋው የተሰጠው ሌላውን ለማገልገል ነው (1ኛ ጴጥሮስ 4፥10)፤ አገልግሎቱም ከገዛ ጓዳችን ይጀምራል።

ጌታ ትዳራችሁን ይባርክ።