ሳትለኩ አትጨምሩ

ትናንት ስታፍ ውስጥ አንድ ባልደረባዬ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ባሕር የሌለው አገር ቁጭ ብለህ ስለ ኮራል ትከራከራለህ?» ብሎ አሳቀብኝ። ልክ ነው፤ ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ባለ ዲፕሎማ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ኮራልን የማውቀው ከመጽሐፍና ከቪዲዮ ነው። የምከራከረው ግን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ባላጠፋችው ጥፋት ደመወዟ ስለተቆረጠ ነው።

ልጅቷ ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። አሠሪዎቿ ሳሎናቸው ውስጥ 400 ሊትር የሚይዝ የኮራል አኳሪየም አላቸው። ከወራት በፊት ኮራሎቹ መንጣት ጀመሩ። አኳሪየሙን የሸጠላቸው ሰው ተጠራ፤ አየት አደረገና አንድ ጠርሙስ መድኃኒት ሸጠላቸው። ባሰ። ሁለተኛ ጠርሙስ ሸጠ። አሁንም ባሰ። ሦስተኛውን ሲሸጥ፣ «ሠራተኛዋ በሳሙና እጇ ነክታው ይሆናል» አለ። አለቀ! ከወር ደመወዟ ተቀነሰ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። «ቲቸር፣ እውነት እኔ ነኝ የገደልኳቸው?»

ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። እነሱ በብርሃን ምግብ ሠርተው ያካፍሉታል፤ ቡናማ ቀለሙም በአብዛኛው የእነሱ ነው። ኮራሉ ሲጨነቅ አልጌዎቹን ያስወጣቸዋል። ያኔ ሥጋው እንደ መስተዋት ጥርት ይልና ከሥር ያለው ነጭ አጽም ይታያል። ስለዚህ የነጣ ሁሉ አልሞተም፤ ተርቧል። ሥጋው ካለና ትንንሽ ጣቶቹን አሁንም የሚዘረጋ ከሆነ ተስፋ አለው። ሥጋው አልቆ ባዶ አጽም ላይ አረንጓዴ ከበቀለ ግን ያ ክፍል ሞቷል።

የነጣበት ቦታም ይናገራል። ወደ መብራቱ የዞረው ጫፍ ብቻ ከነጣ መብራቱን ጠርጥሩ፣ በተለይ አዲስ ኤልኢዲ ከተገጠመ። ሥጋው ከሥር ጀምሮ እየተላጠ ከሆነ አልካሊኒቲው ከፍ ዝቅ ብሎ እንደሆነ እዩ፤ ደህናውን ጫፍ ቆርጦ ለብቻው ማጣበቅም ሊያተርፈው ይችላል። ሁሉም ባንዴ ከተኮማተሩና ከነጡ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሁሉም የሚጋሩት ነገር ነው፦ ውሃው።

የተማሪዬ ሁሉም ነበሩ። «ሙቀቱ ስንት ነው?» አልኳት። 26። ደህና ነው። «ችግሩ ሊጀምር ሰሞን ምን ተቀየረ?»

«የጎደለውን ውሃ በራሱ የሚሞላው ዕቃ ተበላሽቶ እኔ ነኝ በባልዲ የምሞላው።»

«በምን ዓይነት ውሃ?»

«ሻጩ ባሳየኝ ነዋ፤ ጨው በተበጠበጠበት።»

ወዳጆቼ፣ ውሃ ሲተን ጨው አብሮት አይተንም። ይሄን ለማወቅ ባሕር ማየት አያስፈልግም፤ ድስት ማየት ይበቃል። ሒሳቡን እንሥራው። በቀን 4 ሊትር ተነነ እንበል። በምትኩ በሊትር 35 ግራም ጨው ያለው 4 ሊትር ሲጨመር፣ በየቀኑ 140 ግራም ትርፍ ጨው ይገባል። በ10 ቀን 1 ኪሎ ከ400 ግራም! ልጅቷ የተባለችውን ነው ያደረገችው። ሦስት ጠርሙስ የሸጠው ሰውዬ ይቺን አንዲት ጥያቄ አልጠየቃትም።

መሳቢያ ውስጥ ጨው የሚለካበት ሪፍራክቶሜትር ነበር፣ ማንም ያልነካው። በማስተካከያው ፈሳሽ 35 ላይ አስተካክላ ለካች። 39!

አሁንም መቸኮል አይገባም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ጨውን በአንድ ቀን ብናወርደው ኖሮ የተረፉትንም እኛው እንገድላቸው ነበር። እመቤቷን አስፈቅዳ በየቀኑ 10 ሊትር እያወጣች፣ በምትኩ ከማጣሪያ የወጣ ጨው የሌለው ውሃ ጨመረች። ይሄ በቀን አንድ ያህል ይቀንሳል፤ በአራት ቀን 35 ደረሰ። የተነነውንም የምትተካው በዚያው ውሃ ሆነ። በቧንቧ ውሃ አይሆንም፤ ክሎሪን አለበት፣ ከቧንቧው የሚመጣ መዳብም ኮራል ይገድላል።

«ኮራል ውስብስብ ነው፣ ልምድ ይጠይቃል» የሚሉኝ አሉ። እስማማለሁ። ግን ልምድ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው መለኪያ ነው። ሙቀት 25 አካባቢ፣ ጨው 35፣ አልካሊኒቲ ከ8 እስከ 9 ዲኬኤች፣ ካልሲየም በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም። ናይትሬትና ፎስፌት ሲበዙ ይጎዳሉ፤ «ዜሮ ይሁኑ» የሚለው ምክር ግን ስህተት ነው፤ ጥቂት ካልኖሩ ኮራሉም አልጌውም ይራባሉ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩና ጠብቁ። ሦስት ነገር ባንዴ ከጨመራችሁ የትኛው እንዳዳነ፣ የትኛው እንደገደለ በምን ታውቃላችሁ?

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አናደደኝ። «ድንጋዩ ላይ የተለጠፉትን በፈላ ውሃ ፈትጊያቸው» ተብላ ነበር። እንዳታደርጊው አልኳት! ዞአንቲድ ከሚባሉት ኮራሎች አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል አደገኛ መርዝ አላቸው፤ ሲፈላ እንፋሎቱ ሰውን ይመርዛል። እነሱን ያለ ጓንት መንካትም፣ ውሃው ዓይን ውስጥ እንዲረጭ ማድረግም አያስፈልግም። ሰው ይሄን ሳያውቅ እንዴት ሌላውን ያዛል?

ከሁለት ወር በኋላ ፎቶ ላከች። የአብዛኞቹ ቀለም እየተመለሰ ነው፤ ሁለቱ አልተረፉም። የተቆረጠባት ገንዘብ ግን አልተመለሰላትም። ሳይለካ የሸጠው ሰውዬ ደግሞ አንድ ድርሃም አልተቀጣም።

አረብ አገር እንዲህ ያለ ቤት የምትሠሩ ተማሪዎቼ፣ ጻፉልኝ፤ የማውቀውን እነግራችኋለሁ። ግን ከፎቶው ጋር ቁጥሩንም ላኩ፤ ምን ዓይነት ውሃ እንደምትጨምሩም ንገሩኝ። አሠሪ የሆናችሁ ደግሞ፣ የሰው ደመወዝ ከመቁረጣችሁ በፊት ውሃውን ለኩ።