ቺፑም «አቤት» ይላል



እንደሚታወቀው ብዙዎቻችን የመጣነው ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ነው። ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ስልክ ስናጋድም ምስሉ አብሮ የሚዞረው በውስጡ ባለ እንቅስቃሴ ለኪ ቺፕ አማካይነት ነው። «ታዲያ ይህ ቺፕ የለካውን ለዋናው አንጎል በምን ይነግረዋል? ይህንንስ ለገጠር ልጅ ማስተማር ይቻላል ወይ?» ተባለ። አንዱ ጓደኛዬ «መብራት በሌለበት ምን ብለህ!» አለኝ። እኔ ግን ይቻላል ባይ ነኝ።

ፊሊፕስ በ1982 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው አይ-ስኩዌርድ-ሲ የሚባለው ዘዴ መልእክት የሚያመላልሰው በ2 ሽቦ ነው፤ አንዱ ቃሉን፣ ሌላው ምቱን ይይዛል። በነዚሁ ሽቦዎች ላይ ብዙ ቺፖች ይደረደራሉ። ማን እንደተጠራ በምን ይታወቃል? በስሙ ነዋ! በ7 ቢት ስም ይጠራል፤ 8ኛው ቢት «ተናገር» ወይም «ስማ» ይላል፤ በ9ኛው የተጠራው «አቤት» ይላል። ሌላው ዝም። ይህ እኮ የጧት ስም ጥሪያችን ነው!

የሞቶሮላው ኤስፒአይ ግን ስም አይጠራም፣ በጣት ይጠቁማል። 4 ሽቦ ይፈልጋል፤ ቺፕ በተጨመረ ቁጥርም አንድ መጠቆሚያ ሽቦ ይጨመራል።

«ኤስፒአይ ይፈጥናል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ኤዲኤክስኤል345 የሚባለው ቺፕ ሁለቱንም ያውቃል፤ በፊተኛው በሰከንድ እስከ 400 ሺህ፣ በኋለኛው እስከ 5 ሚሊዮን ቢት ያስተላልፋል። ግን የሰው እርምጃ ለመለካት ይህ ሁሉ ጥድፊያ ለምን? አንድ ልኬት 48 ቢት ነው፤ በሰከንድ 100 ጊዜ ቢለካ 4,800። ስም መጥሪያውና «አቤት» መባያው ቢታከልበትም 10 ሺህ አይሞላም። ስለዚህ ከ2 ሽቦው እንጀምር እላለሁ።

እኔ ራሴ ፊዚክስን የተማርኩት ከሰሌዳ ገልብጬ ነው። ለፈተና ሸመደድኩት፣ በማግስቱ ጠፋኝ። ነገ ነፋስ መውጫ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ስንመደብ ይህንኑ ልናወርስ ነው ወይ? ለዚህ ትምህርት 2 ገመድና ጥቂት ልጆች ይበቃሉ። አንዱ ልጅ በአንደኛው ገመድ ምት ይመታል፤ በሁለተኛው ገመድ ሲሳብ 0፣ ሲለቀቅ 1 ይሆናል። «አቤት» ማለትም ገመዱን መሳብ ነው።

መምህሮቻችን በማስተማር ልምምድ ሰዓት እንድንሞክረው ይፍቀዱልን። ገመዱን እኔ አመጣለሁ። የሚቃወመኝ ካለ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይጻፍልኝ!