ጅብና አንበሳ የሚናገሩበት መጽሐፍ አይናቅ

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፥ በአጋሮም በሊሙ ገነትም፥ ከተማሩት ሰዎች አያሌዎቹ ተረትን ይንቃሉ። እኩሌቶቹ «ሐሰት ነው» ይላሉ፤ እኩሌቶቹም «ጅብ ሰው ሲሆን የሚያሳይ ነገር የሕፃን ልብ ያስፈራል» ይላሉ። ሁለቱም ፍርድ የተጣመመ ነው።

ሐሰት ሰውን ለማታለል የሚነገር ነገር ነው። «ተረት ተረት» ሲሉት «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ሰው ግን ምሳሌ ሊሰማ ዐውቆ ተቀምጧል፤ ማን ተታለለ? ይህን ካህናት ከማንም ይልቅ ያውቁታል። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 9 ኢዮአታም ዛፎች ሊያነግሡ ወጥተው በመጨረሻ እሾህን እንደ ለመኑ ይናገራል። ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፊሳልጎስም የአራዊትንና የአዕዋፍን ድንቅ ነገር እየተረከ ምሥጢር ያስተምራል።

አስፈሪነቱስ? አራዊት ኀጢአታቸውን ሲናዘዙ አንበሳ ወይፈን፥ ነብር ፍየል፥ ጅብ ዶሮ መብላቱን ቢናገር «ይህ ኀጢአት አይደለም» ተባባሉ። አህያ ግን ጌታዋ ከሰው ጋራ ቆሞ ሲጫወት ከመንገድ ዳር ጥቂት ሣር መንጨቷን ብትናገር «በደለኛዋ ይህች ናት» ብለው በሏት። ይህ ተረት ያስቃል፤ ቆይቶም ያሳዝናል። እንዲህ ያለውን ከልጁ የሚሰውር አባት፥ ልጁ አድልዎን በአደባባይ ባገኘው ቀን እንዳያውቀው ያደርጋል።

እንግዲህ የተረት መድበል የሚሻ አንባቢ በአስቴር ጋኖ ሥራ ይጀምር። አስቴር ነጻ ተወልዳ በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ ባሪያ ሆነች። በባሕር ማዶ ልትሸጥ ስትወሰድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1886 የኢጣልያ መርከቦች አስጣሏት፤ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ትምህርት ቤትም ገባች። በዚያ 500 ያህል የኦሮሞ ተረት፥ እንቆቅልሽ፥ ምሳሌና ዘፈን ጻፈች፤ ከዚሁም ብዙው በ1894 በወጣው የንባብ መጽሐፍ በግዕዝ ፊደል ታተመ። ከዚህ ቀጥሎ ኩርላንደርና ሌስላው በ1950 በእንግሊዝኛ ያሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መድበል ሊነበብ ይገባዋል። ጀርመኖቹም ወንድማማች ግሪም ከ1812 ጀምሮ የአገራቸውን ተረት ሲያሳትሙ አስፈሪውን ሁሉ አልጣሉም፤ በዚህም አገራቸው ተከበረች እንጂ አላፈረችም።

ባሪያ የነበረች ልጅ የሕዝቧን ተረት ለትውልድ አቆየች፤ ብርዕና ወረቀት የሞላለት የከተማ ሰው ግን አያቱ ቡና እያፈላች የምትተርከውን አንድ ገጽ እንኳ አልጻፈም። አያቲቱ ስትሞት መጽሐፉ አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ ተረትን የሚንቅ ሰው መናቁን ትቶ፥ ዛሬ ማታ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ይጻፍ።