የጨለለቅቱ ዳገት ላይ የተፈረደው ፍርድ

በየዓመቱ ጥር ሲገባ የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ይጀመራል። አካፋና ዶማ ይወጣል፣ ሕዝብ ይሰለፋል፣ ማታ በኪሎ ሜትር የተለካ እርከን ለወረዳ ሪፖርት ይደረጋል። ተፋሰሱ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ሲጠየቅ ግን በብዙ ቦታ የሚሰጠው መልስ የቀበሌ ስም ነው።

ውሃ ቀበሌ አያውቅም። ተፋሰስ ማለት የዘነበው ውሃ በአንድ መውጫ የሚሰበሰብበት መሬት ነው፤ ወሰኑም የጋራው አናት ነው። በጨለለቅቱ ዙሪያ ያሉ የኮቸሬ ጅረቶች ወደ ምዕራብ ወርደው ገላናን ይቀላቀላሉ፣ ገላናም አባያ ሐይቅ ይገባል። በመንገዱ ላይ ከጌዴኦ ወደ ጉጂ፣ ከደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ወደ ኦሮሚያ ይሻገራል። ላይኛው ያለማውም ያበላሸውም ታችኛው ደጅ ይደርሳል። በ2010 ዓ.ም. በተነሣ ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በተፈናቀሉበት አካባቢ ይህ ተራ የካርታ ጉዳይ አይደለም።

ወሰኑን ማስመር ደግሞ ዛሬ ከባድ ሥራ አይደለም። በየካቲት 1992 ዓ.ም. ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኩራኩር በ11 ቀን ውስጥ አብዛኛውን የምድር ገጽ በራዳር ለክታለች። 30 ሜትር በ30 ሜትር የተከፋፈለው የከፍታ መረጃ በነፃ ይገኛል። ኮምፒዩተር ከእያንዳንዱ ካሬ ውሃው ወደ የትኛው ጎረቤት እንደሚወርድ አስልቶ የወንዞቹን መረብና የተፋሰሱን ጠርዝ ያወጣል። የግብርና ሚኒስቴር የ1997 ዓ.ም. መመሪያም የማኅበረሰብ ተፋሰስ ከ200 እስከ 500 ሄክታር ገደማ እንዲሆን ያስቀምጣል እንጂ በቀበሌ ልክ ይቆረጥ አይልም።

የሚገርመው፣ ካርታው ሊታመን በሚገባው በወሰኑ ጉዳይ የሚያየው የለም፤ ሊያውቀው በማይችለው ነገር ላይ ግን ዳኛ ይደረጋል። ብዙ ጥናት የሚሠራው በአንድ ቀመር ነው። ንዑስ ተፋሰሶች ይከፈላሉ፤ የተዳፋቱ መጠን፣ የቅርጹ ክበት፣ የወንዞቹ ርዝመት ለስፋቱ ተካፍሎ ይሰላል፤ ከዚያ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ተብሎ ለአፈር መሸርሸር ተጋላጭነት ደረጃ ይወጣል። አንደኛ የወጣው ቀይ ይቀባል።

በዚህ ቀመር የተራቆተ ዳገትና የጌዴኦ ዳገት እኩል ናቸው። በጌዴኦ ዳገት ላይ ግን ዋንዛና ብርብራ ከላይ፣ እንሰት ከሥሩ፣ ቡና ከእንሰቱ ጋር ቆሟል። የዝናቡ ጉልበት በቅጠል ላይ ተሰብሮ ነው መሬት የሚደርሰው፤ መሬቱም በረገፈ ቅጠል የተሸፈነ ነው። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህንኑ አይቶ ነው። ቀይ በተቀባ ቁጥር ግን ትእዛዙ አንድ ነው፦ እርከን ቆፍሩ። የቡናና የእንሰት ሥር እየተቆረጠ ማለት ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። የመንኩራኩሯ ራዳር ጥቅጥቅ ያለ ቅጠልን አልፎ እስከ መሬት አይደርስም። ስለዚህ በዛፍ በተሸፈነ አገር የተለካው ከፍታ ከፊሉ የዛፍ ቁመት ነው። ትናንሽ ጅረቶች ከመረቡ ይጠፋሉ፤ ዛፍ የተቆረጠበት ማሳ ሸለቆ መስሎ ይታያል።

ጌዴኦ ችግር የለበትም ያለ የለም። በቡና መልቀሚያ ወራት ከእሸት ቡና መፈልፈያዎች የሚለቀቀው ገለባና የኮመጠጠ ውሃ ጅረቶቹን ይበክላል፤ እንሰትና ቡና የነበረበትን ማሳ ባሕር ዛፍና ጫት እየያዙት ነው። ከእነዚህ አንዱም በከፍታ መረጃ ላይ አይታይም። «ያለን መረጃ ይኸው ብቻ ነው» የሚለው ሰበብም አያዋጣም፤ ሴንቲኔል 2 የሚባሉት ሳተላይቶች በ10 ሜትር ጥራት የሚያነሱት የመሬት ሽፋን ምስል በየጥቂት ቀናቱ በነፃ ይለቀቃል።

ከመጪው ጥር በፊት የሚቻል ነገር አለ። የኮቸሬና የታችኛው የጉጂ ወረዳ ባለሙያዎች በአንድ የገላና ካርታ ላይ ይቀመጡ። ኮምፒዩተር ያወጣውን መስመር የሶንጎ ሽማግሌዎችና ገበሬዎች በእግራቸው ሄደው ያርሙት፣ የጠፋውን ጅረት በስሙ ያስገቡ። እያንዳንዱ የቡና መፈልፈያ በሚለቅበት ጅረት ላይ ምልክት ይደረግበት። ዶማው ከዚያ በኋላ ይውጣ።