የወይን ጠጅ ንግድ ትምህርት አያሳፍርም



 የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ ሳይሆን አስቀድሜ ራሴን ለመክሰስ ነው።

በድሬዳዋ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ባለፈው ዓመት ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዲቱ ወደ ቤቴ መጣች። በአትክልትና ፍራፍሬ ሙያ ተመርቃ በሙያዋ ሥራ ስላላገኘች በድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ በአንድ ሼድ ውስጥ የዕቃ መዝገብ ያዥ ሆና ትሠራለች። በእጅዋ የያዘችው ከውጭ አገር የመጣ የመቀበያ ደብዳቤ ነበር። የትምህርቱ ስም «የወይን ጠጅ ንግድና ፈጠራ» የሚል ሲሆን ደረጃው ድኅረ ምረቃ ነው።

«ጋሼ፤ የምስክርነት ደብዳቤ ይጻፉልኝ» አለችኝ። እኔ ግን ሳቅሁ። «እኅቴ፤ ጠጅ ለመሸጥ ደግሞ ማስተርስ ያስፈልጋል ወይ? እናቶቻችን ያለ ዲግሪ ሲጥሉትና ሲሸጡት ኖረው የለም ወይ?» አልኋት። እርስዋም ዝም አለች። ደብዳቤውን እጽፋለሁ ብዬ ከዛሬ ነገ እያልሁ፣ የፈተና ወረቀት አርማለሁ እያልሁ አዘገየሁት። ጽፌ በጨረስሁበት ቀን ጊዜው ካለፈ አራት ቀን ሆኖት ነበር። «ግድ የለም፣ ጋሼ» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ያ «ግድ የለም» ግን ከዚያ ወዲህ ዕረፍት ነሥቶኛል።

ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፣ የሳቅሁበት ትምህርት ምን እንደሆነ መመርመር የጀመርሁት ከዚህ በኋላ ነው። በፈረንሳይ በቦርዶና በዲዦን፣ በአውስትራሊያ በአዴላይድ፣ በካሊፎርኒያም በሶኖማ ይህ ትምህርት በከፍተኛ ደረጃ ይሰጣል። የሚያስተምሩት መጠጣትን አይደለም፤ ሒሳብን፣ ገበያን፣ ሕግንና ትዕግሥትን ነው።

እኔ ያደግሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በግቢያችን አንድ የወይን ሐረግ ነበረ። አንድ ሽማግሌ አባት በየዓመቱ በመቀስ ሲገርዙት እኛ ልጆች ተክሉን አጠፉት እያልን እናዝን ነበር። ካልተገረዘ ቅጠል እንጂ ፍሬ እንደማይበዛለት የተማርነው ፍሬውን በሰረቅን ጊዜ ነው። በረዶ ያለበት ክረምት በሌለው እንደኛ ባለ አገር የወይኑን የፍሬ ወራት የሚወስነው በይበልጥ ይኸው መግረዝ ነው። ይህ የእርሻው ጥበብ ሲሆን የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ግማሽ ንግዱ ነው። የወይን ሐረግ ከተተከለ ደኅና ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት ዓመት ያህል ይፈጃል። ከዚያም ጠጁ በጋን ወይም በበርሜል ይቆያል። ገንዘቡ ይህን ሁሉ ዘመን መሬት ውስጥ እንደ ተቀበረ ነው፤ የባንክ ወለድ ግን አንድ ቀንም አያርፍም። ማጓጓዙም ስሌት ይፈልጋል። በጠርሙስ ሆኖ ሲላክ አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ከ10 ሺህ እስከ 13 ሺህ ጠርሙስ ያህል ይይዛል። በውስጡ በሚዘረጋ ትልቅ የፕላስቲክ ከረጢት ሲላክ ግን 24 ሺህ ሊትር ይይዛል፤ ይህም 32 ሺህ ጠርሙስ ይሞላል። የትኛው ይሻላል? ጠርሙሱ የት ይሞላ? ስሙስ የማን ይሁን? ይህን የማያሰላ ነጋዴ ላቡን አፍስሶ ትርፉን ለሌላ ያስረክባል።

በአገራችንም ነገሩ አዲስ አይደለም። «ጉደር» እና «አክሱማይት» የተባሉትን የአዋሽ ወይን ጠጆች የማያውቅ የከተማ ሰው ጥቂት ነው። በዝዋይ፣ ዛሬ ባቱ በምትባለው ከተማ፣ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ወይን ተክሎ «ስምጥ ሸለቆ» እና «አካሺያ» የተባሉትን ጠጆች በ2006 ዓ.ም. ለገበያ አቅርቧል። መሬታችንና ፀሐያችን ወይን እንደሚያበቅሉ ተረጋግጧል። የቀረው ጥያቄ ሒሳቡን ማን ያውቃል የሚለው ነው።

የገዛ ጠጃችንስ? ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ስትሆን ከማሩም ብዙው በጌሾ ተጥሎ ጠጅ ይሆናል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጠጅን መርምረው ጠባዩ ከቤት ቤት፣ ከአንድ ቤትም ከጊዜ ጊዜ እንደሚለያይ ጽፈዋል። ዛሬ የጣፈጠው ብርሌ ነገ ከጎመዘዘ ማን ወደ ውጭ አገር ይልከዋል? በአሜሪካ በኒውዮርክ ግዛት ብራዘርሁድ የተባለው የወይን ጠጅ ፋብሪካ ግን «ሺባ» የሚል ስም ሰጥቶ ጠጅን በጠርሙስ ሸጧል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የተባለው ለእኛ ነው።

አሁን ወደ ከተማችን ልመለስ። የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ነፃ የንግድ ቀጠና ሆኗል። የጂቡቲው የኤሌክትሪክ ባቡር በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀምሯል። ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ሲወጡ፣ ቀድሞ ዓለማያ ይባል የነበረው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ እርሻን ማስተማር ከጀመረ ስድሳ ዓመት አልፎታል። ላይ የተክሉ ዕውቀት፣ ታች ሼዱና ባቡሩ አሉን። ሁለቱን የሚያገናኝ፣ ፍሬን ወደ ሸቀጥ፣ ሸቀጥንም ወደ ታወቀ ስም የሚለውጥ የተማረ ሰው ግን ይጎድለናል።

አንዳንድ ወገኖች «መጠጥን በትምህርት ልታበረታታ ነውን?» ይሉኝ ይሆናል። ድሬዳዋ የማይጠጡ ብዙ ወገኖች የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ ሃይማኖታቸውንም አከብራለሁ። መንግሥትም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥን ማስታወቂያ በራዲዮና በቴሌቪዥን ከልክሏል፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላውም እንዳይሸጥ አዝዟል። መልካም ነው። ይሁን እንጂ ወይን ጠጅ ብቻ አይደለም፤ ዘቢብም፣ ጭማቂም፣ ኮምጣጤም ይሆናል። ለቅዳሴ የሚቀርበውስ ከዘቢብ አይደለምን? ሕግን አክብሮ፣ በጩኸት ሳይሆን በጥራት መሸጥንም የሚያስተምረው ይኸው ትምህርት ነው። ያልተማረ ሻጭ ከተማረው ይልቅ ሰካራም ያበዛል ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሐረማያና የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲዎች ተባብረው በወይን፣ በጠጅና በፍራፍሬ ንግድ ላይ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቢከፍቱ፤ የመመረቂያው ጽሑፍም በመደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣ ሳይሆን በነፃ ቀጠናው ሼዶችና በወይን እርሻዎች ውስጥ የሚሠራ ቢሆን። ሁለተኛ፣ ለትምህርት ዕድል የሚመርጡ መሥሪያ ቤቶች ይህን ሙያ ስሙን ብቻ አይተው ከዝርዝር እንዳያወጡት።

ያቺ ልጅ ዘንድሮ እንደ ገና አመልክታለች። ደብዳቤዋን በጠየቀችኝ ማታ ጽፌ በማግሥቱ ልኬዋለሁ። የገንዘብ ድጋፍ የጠየቀችበት ማመልከቻ ግን አሁን በአንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። ይህን ጋዜጣ የምታነቡ ጸሐፊዎችና ኃላፊዎች ሆይ፤ እንዲህ ያለ ወረቀት በእጃችሁ ሲገባ እንደ እኔ አትሳቁበት፤ እንደ እኔም አታዘግዩት።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ መምህር
ከድሬዳዋ