የማሽኑን ሰዓት አትንኩት

እሸት ቡና ቀኑን ሙሉ ሲለቀም ውሎ ማጠቢያ ጣቢያ የሚደርሰው አመሻሽ ላይ ነው። በቴፒና በሚዛን አካባቢ የለቀማ ወቅት ሥራ ስለዚህ በአብዛኛው የማታ ሥራ ይሆናል። ቡናው ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ይፈለፈላል፣ ከዚያ የሚያሟልጨው ልባስ እስኪለቅ ድረስ ገንዳ ውስጥ ይብላላል። ስንት ሰዓት መቆየት እንዳለበት የሚወስኑት ሙቀቱና ከፍታው ናቸው። እንደ ቴፒ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ በሚገኝ ሞቃት አገር ከደጋው ይልቅ ቶሎ ይደርሳል። ጊዜው ያለፈበት ቡና ኮምጣጤ ኮምጣጤ ማለት ይጀምራል፤ አንዴ እንዲያ ከሆነ በኋላ በማጠብም በማድረቅም አይመለስም።

እንግዲህ እንዲህ እንበል። ቡናው ገንዳ የገባው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ተረካቢው በስልኩ መዘገበው፤ የስልኩ ሰዓት ከኔትወርክ የመጣ ስለሆነ 21፡00 ብሎ ጻፈ። በማግስቱ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ የቢሮው ኮምፒውተር የገንዳዎቹን ሁኔታ አሰላ። የኮምፒውተሩን ሰዓት ግን አንድ ሰው በእጁ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ጎትቶ «የሐበሻ» አድርጎታልና እሱ የሚያውቀው 05፡00 መሆኑን ነው። 14 ሰዓታት የተብላላው ቡና ሠንጠረዡ ላይ የ8 ሰዓታት ሆኖ ወጣ። ተቆጣጣሪው ገና ነው ብሎ ስድስት ሰዓት ቢጨምርለት ገንዳው ውስጥ ያለው ቡና 20 ሰዓታት ሞላው ማለት ነው።

ይህን ልማድ ነው የምቃወመው። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየማኅበሩና በየሱቁ የኮምፒውተሩ ሰዓት ለግድግዳው ሰዓት እንዲመሳሰል ስድስት ሰዓት ወደኋላ ይጎተታል። ነገሩ በጣም የተለመደ ስለሆነ እንደ ስህተት የሚያየው የለም፤ እንዲያውም አዲስ ማሽን ሲገዛ ባለሙያው መጀመሪያ ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ ነው።

ጎታቹን ሰው ግን አልወቅስም። ጠዋት አንድን 7 ብሎ የሚያሳይ ማሽን ለባለቤቱ አልተሠራም። ንጋትን መነሻ አድርጎ ሰዓት መቁጠር እኛ ብቻ የያዝነው ነገር አይደለም፤ ስዋሂሊ ተናጋሪዎቹ የኬንያና የታንዛኒያ ሰዎችም በንግግራቸው እንዲሁ ይቆጥራሉ። ከምድር ወገብ ብዙ ሳይርቅ፣ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከሞላ ጎደል በአንድ ሰዓት በምትወጣበት አገር ከዚህ የተሻለ አቆጣጠር አላውቅም። «ዓለም በሚቆጥርበት እንቁጠር፣ ችግሩ ያልቃል» የሚሉትንም አልቀበላቸውም። የዛሬዎቹ ብራውዘሮች የኢትዮጵያን ቀን መቁጠሪያ ያውቃሉ፤ ጳጉሜን ጨምሮ 13ቱን ወራት በአማርኛ ያወጣሉ። ሰዓቱ ላይ ሲደርሱ ግን እንዳለ ይተዉታል። ያንን ጎዶሎ መሙላት የነበረበት ፕሮግራም ጸሐፊው ነው። ሥራው ዩቲሲ ከሚባለው የዓለም መነሻ ሰዓት ሦስት ሰዓት ቀንሶ ውጤቱን በ12 ሰዓት ዙር ማሳየት ነው፤ አንድ መስመር ኮድ ይበቃዋል። ያ አንድ መስመር ስላልተጻፈ የቢሮው ሠራተኛ የማሽኑን ሰዓት ለመጎተት ተገደደ።

ጉዳቱ ማሳያው ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ባልጻፍኩ። ዊንዶውስ ሰዓቱን ከኢንተርኔት እያመሳከረ ያርማል፤ የስድስት ሰዓት ልዩነት ሲያገኝ ስህተት ነው ብሎ ይመልሰዋል፣ ልክም ነው። ስለዚህ የተጎተተው ሰዓት ተጎትቶ እንዲቆይ ማመሳከሪያው ራሱ ይጠፋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽኑ እውነተኛውን ሰዓት የሚነግረው የለም፤ ስድስት ሰዓቱ ላይ ደቂቃ እየተጨመረ፣ ወራት ሲያልፉ ስንት እንደተዛባ የሚያውቅ አይኖርም። በየ30 ሰከንዱ የሚለዋወጠው የማረጋገጫ ኮድ አይሠራም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የደረሰ መኪና በጭነት ሰነዱ ላይ አንድ ቀን፣ በቢሮው መዝገብ ላይ ሌላ ቀን ይዞ ይገኛል። የማሽኑን ሰዓት ሳይሆን የሰዓት ክልሉን ብቻ ወደ ብራዚሊያ ወይም ወደ ቦነስ አይረስ የቀየረው ሰው ከዚህ ይሻላል፤ ውስጡ ያለው ዩቲሲ ሳይነካ ይቀራል፣ ማመሳከሪያውም ይሠራል። ያም ቢሆን ዳታቤዙ የአካባቢውን ሰዓት ያለ ክልሉ የሚጽፍ ከሆነ መዝገቡ መበላሸቱ አይቀርም።

ወጣት ፕሮግራመሮቻችን ይህን ውጥንቅጥ ሲያዩ አንድ መፍትሔ አግኝተዋል፦ የማሽኑን ሰዓት ጨርሶ አለማመን። ስክሪፕቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሰዓት የሚናገር አንድ ድረ ገጽ ይጠይቃል፣ የመጣለትን ቁጥር ይቀበላል፣ በእሱ ይጽፋል። መልስ ካልመጣ ይቆማል። ሐሳቡ ሲሰሙት ደስ ይላል፤ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ለመመረቂያ ፕሮጀክታቸው የሚመርጡትም ይኼን ነው። እኔ ግን ከመጎተቱ ባልተናነሰ የምቃወመው ይህንንም ነው።

ሲጠፋ ሰዓቱን የሚጠብቅለት ሲሞስ ባትሪ ያለቀበትን ኮምፒውተር እንይ። መብራት በሚመላለስበት ከተማ ያቺ ሲአር 2032 የምትባል ክብ ባትሪ ስታልቅ ማሽኑ በጠፋና በበራ ቁጥር ዓመታት ወደኋላ ይመለሳል። ስክሪፕቱ ሰዓት ሊጠይቅ በኤችቲቲፒኤስ ወደ ድረ ገጹ ይሄዳል። የድረ ገጹ ሰርተፍኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ማሽኑ የሚያየው ግን «ገና ያልተጀመረ» ሰርተፍኬት ነውና ግንኙነቱን ይዘጋዋል። ሰዓት ለማግኘት ትክክለኛ ሰዓት ያስፈልጋል ማለት ነው፤ መድኃኒቱ የሚከሽፈው በሽታው በጠናበት ቀን ነው። ዊንዶውስም ብቻውን የቆመ ከሆነ በተለመደው ቅንብሩ ከ15 ሰዓታት የበለጠ ልዩነትን በራሱ አያርምም። ለዚህ የሚበጀው ባትሪውን መቀየር ነው፤ ዋጋው ስክሪፕቱን ለመጻፍ ከባከነው ቀን ጋር አይወዳደርም።

ድረ ገጹ ቢመልስም የሚሰጠው ቁጥር በመንገድ ላይ ያረጀ ነው። ገጹ ሰዓቱን ከጻፈበት ቅጽበት ጀምሮ ቁጥሩ እስኪደርስ ያለፈውን ጊዜ ስክሪፕቱ አያውቀውም፤ ኔትወርክ በሚንገዳገድበት ቀን አንድ ሰከንድም ሦስት ሰከንድም ሊሆን ይችላል። ይህ ችግር ከተፈታ ዓርባ ዓመት ሞላው። ኋላ የደላዌር ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነው ዴቪድ ሚልስ ኤንቲፒ የሚባለውን የሰዓት ማመሳከሪያ ስምምነት በሰነድ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። አሠራሩ ሲታይ ያስደንቃል። ጠያቂው የላከበትን ሰዓት ይመዘግባል፤ ሰርቨሩ የተቀበለበትንና የመለሰበትን ይጽፋል፤ ጠያቂው መልሱ የደረሰበትን ይጨምራል። ከእነዚህ አራት ቁጥሮች የመንገዱ ርዝመትም የሰዓቱ መዛባትም ይሰላል፤ መሄጃውና መመለሻው እኩል እስከፈጁ ድረስ የመዘግየቱ ስህተት ተጠፋፍቶ ይወጣል። ጥያቄው 48 ባይት ነው፣ መልሱም 48 ባይት። የድረ ገጹ ግንኙነት ገና ሰላምታ ለመለዋወጥ ብቻ ሺዎች ባይት ይበላል፤ በሞባይል ዳታ የሚሠራ ጣቢያ የሚከፍለውም ለዚያ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ኤንቲፒ የሚሠራው ቁጥር ማምጣት ብቻ አለመሆኑ ነው። በሊኑክስ ላይ ያለው ክሮኒ የተባለ ፕሮግራም የማሽኑ ክሪስታል በቀን ምን ያህል እንደሚፈጥን ወይም እንደሚዘገይ ቀስ በቀስ ይማራል፤ መስመሩ ሲቋረጥ በተማረው እያረመ ይቀጥላል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ከሁለት ሳምንት በላይ ተቋርጦ ነበር። ምንም እርማት የማያገኝ ተራ ኮምፒውተር እንኳ በዚያን ያህል ጊዜ የሚዛባው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በታች ነው፤ ለቡና ርክክብ ምኑም አይደለም። ሰዓቱን ከድረ ገጽ ካላገኘሁ አልሠራም የሚለው ስክሪፕት ግን በእነዚያ ሁሉ ቀናት አንድ ኪሎ ቡና አይመዘግብም። ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ለሚገኝ፣ የመስመር መቋረጥ እንግዳ ላልሆነበት ጣቢያ እንዲህ ያለ ፕሮግራም አስቦ የሚያስረክብ ሰው ስለ ቦታው ያሰበ አይመስለኝም።

ነጻ ነው ተብሎ የሚጠየቀው አገልግሎትም ባለቤት አለው። እ.ኤ.አ. በ2003 ኔትጊር የሸጣቸው የቤት ራውተሮች የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የሰዓት ሰርቨር አድራሻ ውስጣቸው ተጽፎ ወጥተው ነበር፤ መልስ ባጡ ቁጥር በየሰከንዱ ደግመው ይጠይቁ ስለነበር ዩኒቨርሲቲው በሰከንድ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ጥያቄ ጎረፈበት። በዚያው ዓመት የተጀመረውና በበጎ ፈቃደኞች ሰርቨሮች የሚሠራው ፑል የተባለው ፕሮጀክት እንዲህ ያለውን ሸክም ለብዙዎች ያካፍላል። አንድን አድራሻ ኮዱ ውስጥ ቀብሮ፣ በየሰከንዱ እየጠየቀ፣ ባለቤቱ አንድ ቀን ሲዘጋው «ሲስተሙ ተበላሸ» የሚል ፕሮግራመር የሰው ንብረት ላይ ቤት ሠርቷል።

አንድ ነገር ልቀበል። የዩዲፒ 123 ቁጥር በር በመሥሪያ ቤቱ ፋየርዎል ተዘግቶ ኤንቲፒ የማያልፍበት ቦታ አለ። በሩን የሚከፍት አስተዳዳሪ ካልተገኘ፣ ማንኛውም የድረ ገጽ ሰርቨር ከመልሱ ጋር የሚልከውን ቀንና ሰዓት ማንበብ እስከ ሰከንድ ድረስ ይጠቅማል። ይህ ግን መሸጋገሪያ ነው፤ ማስተማሪያ መሆን አልነበረበትም።

ኢንተርኔት ጨርሶ በሌለበትስ? እዚህ ላይ የቡናው አገር ራሱ መልሱን በእጁ ይዟል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ ቡናን ከሰባቱ ሸቀጦች አንዱ አድርጎታል፤ ተግባራዊነቱ በተደጋጋሚ ቢራዘምም ገዢው ቡናው የበቀለበትን መሬት መገኛ ነጥብና የተመረተበትን ጊዜ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። ለዚህም ነው በቡና አብቃይ ወረዳዎች ወጣቶች ስልክ ይዘው የየገበሬውን ማሳ እየዞሩ ነጥብ የሚወስዱት። እያንዳንዷ የጂፒኤስ ነጥብ የምትሰላው ሳተላይቶቹ ከተሸከሟቸው የአቶሚክ ሰዓቶች ነው፤ ስልኩ ቦታውን ባወቀ ቁጥር ዩቲሲንም አብሮ ያውቀዋል፣ በሸካ ደን መሃል ኔትወርክ ባይኖርም። መረጃውን የሚቀበለው ፕሮግራም ግን ብዙ ጊዜ ያንን ሰዓት ጥሎ በእጅ ሊጎተት የሚችለውን የስልኩን ሰዓት ይጽፋል። ትክክለኛው ሰዓት ከሰማይ በነጻ ወርዶ መዳፍ ላይ አርፎ ሳለ መጣሉ ያሳዝነኛል። ያው መረጃ ነገ በገዢው ጠረጴዛ ላይ ከሌላ ሰነድ ጋር ይነጻጸራል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ የሚጠረጠረው ገበሬው እንጂ ፕሮግራሙ አይደለም።

ለቢሮም እንዲሁ ነው። አንድ የጂፒኤስ መቀበያ ጣሪያ ላይ ሰቅሎ ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ጋር ያገናኘ ጣቢያ የግቢውን ማሽኖች በሙሉ ያለ ኢንተርኔት ልክ ሊያቆያቸው ይችላል። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የሚወስዱት የመውጫ ፈተናም በኮምፒውተር የሚሰጥ በመሆኑ የሰዓት ነገር ዩኒቨርሲቲውንም ከጣቢያው ባላነሰ ያገባዋል። የፈተና ጊዜ በተፈታኙ ማሽን ሰዓት መለካት የለበትም።

ሶፍትዌር የሚያስገዙ ማኅበራትና መሥሪያ ቤቶች ውላቸው ላይ እንዲህ ይጻፉ፦ ዳታቤዙ በዩቲሲ ብቻ ይመዘግባል፤ ማያ ገጹ ሰዓቱንም ቀኑንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያሳያል፤ ማመሳከሪያው የሚሠራው በስርዓተ ክወናው እንጂ በስክሪፕቱ አይደለም። ሶፍትዌሩን በሚረከቡበት ቀን ደግሞ ሲሞስ ባትሪውን ነቅለው፣ መብራቱን አጥፍተውና አብርተው፣ የኢንተርኔት ገመዱን ለአንድ ቀን አውጥተው የቡና ርክክብ ይመዝግቡበት። ከዚያ ገመዱን መልሰው የተጻፈውን ሰዓት ይዩት። ፕሮግራሙ ሰዓቱን እንደማያምነው ለይቶ ምልክት ካላደረገበት፣ ወይም መስመሩ ሲመለስ ካላረመው፣ የመጨረሻውን ክፍያ አይፈርሙ።